በሎግ ቡክ የሚከፈል ደመወዝ

እናቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ካለው ግቢያችን ግማሹን የሸጠችው በ2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ገዢውና ደላላው ሜትር ዘርግተው ሲለኩ እሷ ማንጎውን ተደግፋ ቆማ ታያቸው ነበር። ዛፉ በየትኛው ወገን እንደሚቀር አልጠየቀችም፤ እነሱም አልነገሯትም። ካስማው ሲመታ ማንጎው ከወዲያ ቀረ። ምንም አላለችም። ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ብቻ፣ "እሱ ሲመጣ ከገበያ እንገዛለታለና" አለች።

"እሱ" ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቤት ውስጥ አቡሽ የምንለው። ማንጎ ነፍሱ ነው። መሬቱ የተሸጠው እሱ አብራሪ እንዲሆን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለብዙ ጊዜ ስሸሸው ቆይቻለሁ። የቤት ገመና ነው፤ ዕዳ ያለበትም ነው። ከትናንት በስቲያ ግን ባጃጅ የሚያሠሩ አንድ የሰፈራችን አባት ልጃቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ልጅቷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሡም። "መምህርት፣ እናንተ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ ይህ የፓይለት ነገር እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ" አሉኝ። እኔ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ልጅቷ ፊቴን እያየች ሙሉውን መናገር አቃተኝ። ከዚያ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ለአቡሽ ደወልኩና አስፈቀድኩት። "ጻፊው እታለም፤ የሰውና የድርጅት ስም ብቻ እንዳትጠሪ፤ ነገ እዚያው ነው እንጀራ የምለምነው" አለኝ። አልጠራም።

አቡሽ ልጅ ሳለ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ወርዶ አውሮፕላን ይጠብቅ ነበር። ገና ከሩቅ በድምፁ ይለየዋል፤ "ይቺ ባለ ፕሮፔለሯ ናት፣ ይሄኛው ቦይንጉ ነው" ይለናል፤ አይሳሳትም። በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ባሕር ዳር ውስጥ ደስታው የተለየ ነበር፤ የዚሁ ከተማ ልጅ ናትና። አርክቴክቸር ተምራ ነው ወደ በረራ የገባችው። ያኔ አቡሽ 12 ዓመቱ ነበር፤ ፎቶዋን ከጋዜጣ ቆርጦ የሳይንስ ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጠፈው። እናቴ ደብተሩን እስከ ዛሬ አልጣለችውም። እንዲያውም መሬቱ ሲሸጥ ጎረቤት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብሎ ሲያማት የመለሰችው፣ "የጓሉ ልጅ ከዚሁ ወጥታ የለም ወይ" ብላ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። በድርጅት ወጪ የሚሠለጠንበትን ዕድል ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ፈተናውን አለፈ፤ መጨረሻው ላይ አልተመረጠም። ለዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ጥቂት ቦታ ነው፣ የሚሰለፈው ግን ብዙ። ሦስተኛ ጊዜ ሳይጠብቅ ግን በግል መክፈልን መረጠ። ናይሮቢ፣ ዊልሰን አየር ማረፊያ ከሚገኙት ማሠልጠኛዎች አንዱ 42 ሺህ ዶላር ብሎ ዋጋ ላከለት።

42 ሺህ ዶላር። በወቅቱ በባንክ አንድ ዶላር 53 ብር ከሣንቲም ነበር፤ ባንክ ውስጥ ግን ዶላሩ አልነበረም፤ ከባንክ ውጭ ደግሞ ወደ እጥፉ ይጠጋ ነበር። ለትምህርት ክፍያ ፈቃድ አውጥቶ ወረፋ መያዝ ይቻል ነበር፤ ወረፋው መቼ እንደሚደርስ የሚነግርህ ግን አታገኝም ነበር። የመሬቱ ብር፣ እናቴ የገባችባቸው ሦስት እቁቦች፣ እኔ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰድኩት፣ አጎታችን ከሁመራ የላከው፤ ሁሉም አንድ ላይ ተጠራቀመና ልጁ ሄደ።

ለምን ይህን ያህል ይወደዳል ብዬ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ውሸት የለበትም። ትንንሾቹ የሥልጠና አውሮፕላኖች በአብዛኛው የሚጠጡት አቭጋዝ የሚባል ቤንዚን ነው፤ ጄቶቹ ከሚጠቀሙበት ነዳጅ የተለየ፣ በእኛ አህጉር እንደ ልብ የማይገኝ፣ ዋጋውም የማይቀመስ። በየ100 የበረራ ሰዓቱ አውሮፕላኑ ተከፋፍቶ ይመረመራል። መለዋወጫው በዶላር ነው፤ ኢንሹራንሱም እንደዚሁ። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ዊልሰን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ነው፤ የእኛው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የትንሿ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ቀትር ላይ ተማሪና አስተማሪ ይዛ ለመነሣት ታቃስታለች። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ ጠዋትን ይፈልጋል፤ ጠዋት ደግሞ ለሁሉም አይበቃም።

በዓለም አቀፉ ደንብ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 200 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደ የተሟላ ኮርስ ለሚሠለጥን 150 ይበቃል። ዋጋው የሚነገርህ በዚህ ትንሹ ቁጥር ተሰልቶ ነው። በትንሹ ቁጥር የሚጨርስ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። አቡሽ በገባበት ጊዜ ማሠልጠኛው አራት አውሮፕላን ነበረው፤ የሚበሩት ሁለቱ ናቸው። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ልጆች ናቸው፤ ሰዓት እያጠራቀሙ አየር መንገድ የሚጠራቸውን ቀን የሚጠብቁ። አንዱ ሲጠራ ተማሪውን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። መጋቢት ላይ ዝናቡ ይጀምራል፣ ሦስት ሳምንት ሳይበር ይቀመጣል፤ ሲመለስ እጁ ዝጎ ያለፈውን ትምህርት ይደግማል፤ የሚደግመው በራሱ ሂሳብ ነው። የቤት ኪራዩና ምግቡ ዝናብ አያውቁም። 42 ሺህ የተባለው መጨረሻ ላይ 51 ሺህ ሆነ።

እናቴ ሐይቁ አጠገብ ትንሽ ዓሣ ቤት አላት። ገና ሳይነጋ ወርዳ ቆሮሶና አምባዛ ከአጥማጆቹ ትገዛለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ ይሸጣል። የዓሣውን ሂሳብ የምትይዝበት ባለ ካሬ ደብተር ነበራት፤ ከመጨረሻው ገጽ ገልብጣ "የአቡሽ" የሚል ርእስ ጻፈችበትና በየምሽቱ እየደወለች፣ "ዛሬ ስንት በረርክ?" ትለዋለች።

"ዜሮ ነጥብ ስምንት፣ እማዬ።"

ስልኩን ዘግታ አንገቷን ደፋች። ዜሮ ስትሰማ ፈተና ወደቀ ብላ ነው። ዜሮ ነጥብ ስምንት ማለት የአንድ ሰዓት ስምንት አሥረኛ፣ 48 ደቂቃ እንደሆነ አስረዳኋት። "ስንት ያስወጣል?" አለችኝ። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ። በሰዓት 180 ዶላር ነው፤ ዜሮ ነጥብ ስምንት 144 ዶላር ይሆናል፤ በባንኩ ዋጋ እንኳ ከ7 ሺህ 700 ብር በላይ። ዓሣ ቤቱ ወጪው ተቀንሶ በቀን የሚያተርፈው ያኔ ወደ 400 ብር ነበር። እሷም በልቧ አካፈለችው መሰለኝ፣ እስኪርቢቶውን አንሥታ "0.8" ብላ ጻፈችና ከጎኑ "19 ቀን" ብላ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ በሙሉ እንደዚያ ነው፤ በግራ በኩል የእሱ ሰዓት፣ በቀኝ በኩል የእሷ ቀን። ቁጭ ብላ ስትሞላው ባየሁ ቁጥር ያችን ስሌት የነገርኳትን ቀን እረግማለሁ።

ለብቻው የበረረ ቀን ጓደኞቹ እንደ ደንባቸው ውኃ ደፉበት፤ ሸሚዙ እንደረጠበ በቪዲዮ ደወለ። እኛ እልል ስንል እናቴ ዝም ብላ ቆየችና፣ "አቡሽዬ፣ ርግብ አለ ወይ እዚያ?" አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ገባኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲላቀቅ ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ፤ 35 መንገደኞች ሞቱ። እናቴ ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ቀን ሳታነሣ መሬቷን ሸጠች፤ ልጇ ብቻውን ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላ ነው የጠየቀችው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። እኛ የመጨረሻውን 9 ሺህ ዶላር ባንክ ወረፋ አስይዘን እየጠበቅን ነበር። በዋዜማው 57 ብር ስለነበር ያዘጋጀነው 513 ሺህ ብር ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ ሆኖ ነው የሞላው። ነሐሴ ሲያልቅ አንድ ዶላር 100 ብርን አልፎ ነበር። ያው 9 ሺህ ዶላር ከ900 ሺህ ብር በላይ ተጠየቀበት። ስለ ፖሊሲው ብዙ የሚባል አለ፤ እሱን ለባለሙያዎቹ ልተወው። እኔ የማውቀው ያን ሰሞን እናቴ ከሦስተኛው እቁብ ዳኛ ቤት ሄዳ ዕጣዋ አስቀድሞ እንዲሰጣት ደጅ ስትጠና መዋሏን ነው። ተሰጣት። ያን እቁብ እስከ አሁን እየከፈለች ነው።

ታኅሣሥ 2017 ላይ ፈቃዱን ይዞ መጣ። የንግድ አብራሪ፤ በሁለት ሞተር የሚበር፤ ውጭው ባይታይም መሣሪያ እያነበበ የሚበር። ሰዓቱ 214። ከዚያ ቤታችን ውስጥ ያልጠበቅነው ጊዜ ጀመረ። የውጭ ፈቃድ እዚህ እንዲሠራ ማስለወጥ ያስፈልጋል፤ ፈተናም ክፍያም አለው። ለእሱ ጀማሪ የሚቀጥር አልተገኘም፤ ሁሉም የሚለው 500 ሰዓት፣ 1,000 ሰዓት ያለው ነው። ፈቃድ ደግሞ እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቆይም። የጤና ምርመራው በየዓመቱ ይታደሳል። መንገደኛ ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ማረፍ አለብህ። በመሣሪያ ለመብረር የሚያስችለውም በየጊዜው ፈታኝ ፊት ቀርቦ ይታደሳል፤ ፈታኙ ይከፈላል፣ አውሮፕላኑም ይከፈላል። ሥራ አጥ አብራሪ ቁጭ ብሎም ገንዘብ ያወጣል።

ሰው ግን ይህን አያይም። የሚያየው "ፓይለት" የሚለውን ስም ነው። ያን ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ የአክስታችን ልጅ ሠርግ ነበር። አቡሽ ሲገባ ድንኳኑ ውስጥ "ካፒቴን መጣ!" ተባለ፤ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት። ጠጁ ሲሞቅ የሙሽራው አጎት ተነሥተው ለሙሽሮች ማቋቋሚያ እያሉ ሲዞሩ ፊቱ ላይ ቆሙ። "ካፒቴን፣ ከአንተ የሚጠበቀውን ታውቃለህ" አሉት በፍቅር። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየዋል። ኪሱ ውስጥ 300 ብር እንደነበረው አውቃለሁ፤ ጠዋት ለባጃጅና ለካልሲ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከኋላው ተቀምጬ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን 5 ሺህ ብር፣ የቤት ኪራዬ ነው፣ በነጠላዬ ስር አድርጌ እጁ ላይ አስያዝኩት። ሳይዞር ተቀበለኝ። እልልታው ሲቀልጥ ጆሮው ቀልቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከቤት መውጣት እንዳቆመ ያወቅነው ቆይተን ነው። ለሳምንታት ፀሐይ ከገባች በኋላ ብቻ ሐይቁ ዳር ይሄዳል። የሚያውቁት "መቼ ነው የምትበረው?" ስለሚሉት ነው።

ሥራ ያገኘው ሚያዝያ ላይ ነው፤ እዚህ ሳይሆን ጎረቤት አገር። ሴስና ካራቫን የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ያላት ትንሽ ድርጅት ናት፤ ዕቃና ሰው ወደ ገጠር የአፈር ሜዳዎች ታመላልሳለች። "ሥራ" ያልኩትን ግን ልግለጸው። ካራቫን በደንቡ በአንድ አብራሪ መብረር ትችላለች። የቀኙ ወንበር ላይ ሰው የግድ አይደለም። ስለዚህ ድርጅቱ ያን ወንበር ይሸጠዋል። አቡሽ "ለመለማመጃ" ተብሎ 6 ሺህ ዶላር ከፍሎ ተቀመጠበት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደመወዝ የለም፤ ውሎ ገብ ስትሆን የምትሰጥ ትንሽ አበል ብቻ። ከጥቅምት ጀምሮ በወር 700 ዶላር ይከፈለዋል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሁለቱ እንደ እሱ አብራሪዎች ናቸው።

6 ሺህውን ከየት እንዳመጣን አልጽፍም።

አንድ ቀን በስልክ ተናድጄ፣ "እንዴት ለምትሠራበት ትከፍላለህ?" አልኩት። ተረጋግቶ መለሰልኝ። "እታለም፣ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ሰዓት 180 ዶላር እከፍል ነበር። አሁን በወር 45 ሰዓት በነፃ እያገኘሁ ነው። እነሱ የሚከፍሉኝ በሎግ ቡክ ነው።"

ሎግ ቡክ አብራሪ ሰዓቱን የሚመዘግብበት መዝገብ ነው፤ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ፣ በምን አውሮፕላን፣ ስንት ሰዓት። መልሱ ለእሱ እውነት ነው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ሲኖሩ እንደዚያ ነው የሚታየው። እኔን ያንገበገበኝ ግን ይኸው መልሱ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጭነት መዝኖ፣ ነዳጅ ቆጥሮ፣ ዘጠኝ ሰው ይዞ አፈር ሜዳ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ ራሱን እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ውለታ ተቀባይ ያያል። ሰዓት እንጀራ አይገዛም። ሰዓት እቁብ አይጥልም። ከደመወዙ በወር 200 ዶላር ለእናቴ ይልካል፤ ከዚያ በተረፈው እንዴት እንደሚበላ ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ነጋዴ ዕቃ ተሸካሚውን "ጉልበትህ እየጠነከረ ስለሆነ ገንዘብ አልሰጥህም" ቢለው ሰው ምን ይለዋል? አብራሪ ሲሆን ግን ሁላችንም "ልምድ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

ይህ የድሀ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል። በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ዳሽ 8 ኪው400 ነበር፤ እዚህ ባሕር ዳር የሚመላለሰው፣ አቡሽ በድምፁ የሚለየው ዓይነት። ረዳት አብራሪዋ 24 ዓመቷ ነበር። የዓመት ደመወዟ 16 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር በምርመራው ላይ በአደባባይ ተነገረ። ከወላጆቿ ጋር የምትኖረው ሲያትል፣ ሥራዋ ግን ኒውዋርክ ስለነበር ሌሊቱን አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን አቋርጣ ነው ለሥራ የደረሰችው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ ለአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብለዋል፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ቢሆንም ያች ልጅ አልጋ ላይ ሳትተኛ ወደ ሥራ የሄደችበትን ሌሊት ሳስብ አቡሽ በዓይኔ ይመጣል።

ከዚያ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ እዚያ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ግድ ሆነ። መንገዱ ረዘመ፤ ወጪው የወደቀው ግን ያው ወጣቶቹ ላይ ነው። እዚያ ከዜሮ ተነሥቶ ፈቃድ ለመያዝ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠየቃል። ደመወዙ በደንብ የተነሣው በኮቪድ ጊዜ ብዙ አንጋፋ አብራሪዎች ጡረታ ወጥተው ሰው ሲጠፋ ነው፤ በ2022 አንዳንድ ትናንሽ አየር መንገዶች የጀማሪውን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አደረሱት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ "ገበያው አይችልም" የሚለውን ቃል ማመን አቆምኩ። ሲቸገሩ ከፈሉ። ያው ወንበር ነው፣ ያው አውሮፕላን ነው፣ ያው ሥራ ነው።

ዝቅ ያለው ክፍያ የሚቆየው ልጆቹ ስለሚወዱት ነው ብዬ አምናለሁ። ሲወዱት ይታያል፤ ስለሚታይም ይቀነስባቸዋል። ከዚያ ደግሞ ተራው አለ፤ በዚህ ሙያ ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከታች ይጀምራል፤ ስለዚህ የገባበትን ችሎ ይቀመጣል። ካፒቴን ከሆነ በኋላ ደህና እንደሚያገኝ አልክድም። "ነገ ይከፍለዋል" የሚሉኝ ሰዎች በዚህ አልተሳሳቱም። ጥያቄዬ እስከዚያ ነገ ድረስ ማን ይሸከም የሚለው ነው። የተሸከመችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ዓሣ የምትገዛ ሴት ናት። ከዚያ አብራሪ ነገ የሚያተርፈው ድርጅት አንድ ሣንቲም አላወጣበትም።

ለዚህ ነው ድርጅት ራሱ ከፍሎ አሠልጥኖ በአገልግሎት የሚያስመልስበትን መንገድ የምመርጠው። ውሉ ከባድ ነው ይላሉ፤ ዋስ ይጠይቃል፤ ዓመታት ያስራል። ይሁን። ለማሠልጠን የወጣው ወጪ በግልጽ ተጽፎ፣ በየዓመቱ አገልግሎት እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ልጁም እየሠራ በሚኖርበት ደመወዝ ከተከፈለው፣ የትኛውም እናት እጇን አጨብጭባ ትፈርማለች። እንዲህ ያለው በር ጠባብ ስለሆነ ነው እኛ ግቢ የሸጥነው። የሚሸጥ ግቢ የሌለው ደግሞ አለ። አቡሽ ትምህርት ቤት ሳለ ከእሱ የሚበልጥ የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ልጅ። እሱም አውሮፕላን ይወድ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አቡሽ ስንት ሰዓት ደረሰ?" ብሎ ነው፤ ሂሳብ ብሰጠው አይቀበለኝም።

ባለፈው እሑድ አቡሽ ደውሎ 640 ሰዓት ሞላሁ አለ። እናቴ ጻፈችው። በቀኝ በኩል የሚጻፈውን ቀን ከተወችው ቆይታለች፤ ሰዓቱ ከአሁን ወዲያ ገንዘብ የማያስወጣ መስሏት። እኔም አላረምኳትም።

ከትናንት በስቲያ ለመጡት አባት ያልነገርኳቸውን ትናንት ማታ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። ልጅቷ አብራን ተቀመጠች፤ አሁን ደበቅ ማድረግ አልፈለግኩም። መጀመሪያ በድርጅት ወጪ የሚገባበትን በር ሁለት ሦስት ጊዜ ትሞክር፤ ዕድሜዋ ገና ነው። በግል የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ ብሩ ከመላኩ በፊት ከፍተኛውን የጤና ምርመራ ታድርግ፤ ዓይኗ ወይም ልቧ ካላለፈ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ማሠልጠኛውን ስንት አውሮፕላን አለህ ሳይሆን ዛሬ ጠዋት ስንቱ በረረ ብላ ትጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ተማሪዎች ሁለት ሦስቱን በስልክ ታግኝና መጨረሻ ላይ ስንት እንዳወጡ ትስማ። በተነገረው ዋጋ ላይ ሩቡን ይጨምሩበት። በአንድ ጊዜ ሙሉ ክፍያ አይላክ፤ በየደረጃው ይሁን። ከተመረቀች በኋላ ለአንድ ዓመት ያለ ገቢ የምትቆይበት፣ ፈቃዷን የምታድስበት ብር ለብቻው ይቀመጥ። "ይህ ከሌለ ግን አይጀመር" አልኳቸው።

አባትየው ዝም ብለው ሰሙኝ። ባጃጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱን ሊሸጡ አስበው ነበር። "እንግዲህ ልተወው ነው የምትዪኝ?" አሉኝ በመጨረሻ።

ልጅቷን አየኋት። ጉልበቷ ላይ ደብተር አድርጋ ያልኩትን ሁሉ ስትጽፍ ነበር፤ "ዛሬ ጠዋት ስንቱ በረረ" የሚለው ስር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ተዉት ማለት አቃተኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር ሊነጋገሩ ሁለቱም ይመጣሉ። እናቴ ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።